አልተባለም

ነሐሴ። ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፣
አዌቱ ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ድልድዩን ይገፋል።
ስልኬ ጮኸ፤ ከክልል ቢሮ ነው፤ ሰውየው ይስቃል፦
«እናንተ ጋ የሚወለድ ልጅ
ክብደት የለውም እንዴ?
አርባ አንድ ሕፃን፣ ሁሉም ዜሮ ግራም!
ነፋስ ነው የምታዋልዱት ወይስ ጉም?»

እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ፋይሉን ከፈትሁ፤ ኤክስኤምኤሉን፤
ክብደት፣ እኩል ምልክት፣ በጥቅስ መሃል ዜሮ፣
ከሥሩም ዜሮ፣ ከዚያም ሥር ዜሮ፣
ሐሙስ ሂርማታ እንደሚደረደር እንቁላል፣
አንዱም ጫጩት የሌለው።

ወደ መዝገብ ቤት ወረድሁ።
ዘይነባ አባ ፊጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመት
በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰው ስትጽፍ የኖረች፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገቡን ገለጠች።
«ሚዛኑ ተሰብሮ ነበር፤ ሦስት ሳምንት።
አልመዘንም። ስላልመዘንን አልጻፍሁም።
ይኸው ቦታው፤ አይታይህም?»

አየሁት።
ባዶው ነጭ ነው፤ ማንንም አይዋሽም።
የእኔ ክላስ ግን ባዶ አያውቅም፣
ቁጥር ብዬ የሰየምሁት ዝም ማለት አይችልም፣
ያልነገሩትን ሲጠይቁት «ዜሮ» ይላል፣
እንደ ፈሪ ምስክር።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።
አንዲት መስመር ጨመርሁ፦ ዜሮ ከሆነ አትጻፈው።
ሠራ። ፋይሉ ቀለለ፤
አርባ አንዱ ሕፃናት ከነፋስነት ዳኑ፣
እኔም ቦሳ ኪቶ ገባሁ፤
ጫማዬ ጭቃ እንደጎረሰ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ደረጃውን ወጥታ መጣች።
ጉልበቷን ያማታል፤ ወጥታ አታውቅም።
የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፣
ጣቷን ከአንድ ስም ላይ አሳረፈች፦
ሙኒራ ከሊፋ፤ ከጅሬን በኩል የመጣች፤
በሕይወት ያሉ ልጆች...
«እዚህ ቁጥር ነበረ። የት አደረስኸው?»
«ዜሮ ነዋ፤ ምንም ማለት አይደለም» አልኋት።

ዝም አለች። ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
«ስማኝ፤ ይቺን ሴት እኔ ጠይቄያታለሁ።
ሦስት ጣት ዘረጋች፤ በየስማቸው ጠራቻቸው፤
ከዚያ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።
በገዛ አፏ ‹ዜሮ ብለሽ ጻፊ› አለችኝ።
እኔ ጻፍሁ።
እሷ አጠፈች። አንተ አጠፋህ።»

ያን ሌሊት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።
ባሕርይ የሚሉት፣ በቀስት ቅንፍ ውስጥ የተጠጋው፣
ቦታው ጠባብ ነው፤ ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም።
የልጅ መለያ ቢሆንማ
ባዶ እጁን ዘርግቶ «የለኝም» ይል ነበር፤
ባሕርይ እጅ የለውም።
«ምናልባት» የሚችል ቁጥር ባስይዘው
ማሽኑ ከነጥያቄ ምልክቱ ተፋው።

እናም ለቁጥሩ ሁሉ ጎረቤት ሰጠሁት፣
እውነትና ሐሰት እንጂ ሌላ የማያውቅ፣
ራሱ የማይጻፍ፣ ፋይሉ ላይ ስሙ የማይነሣ፣
በር ላይ ቆሞ አንዲት ነገር ብቻ የሚመልስ፦
ተብሏል? አልተባለም?
ከተባለ፣ ዜሮም ቢሆን፣ ይለፍ፤
ካልተባለ፣ ሺህም ቢሆን፣ ይቅር።

ሊነጋጋ ሲል ላክሁት።
አርባ አንዱ ሕፃናት ያለ ክብደት አለፉ፣
ነፋስ ሳይሆኑ፤ ገና ያልተመዘኑ።
ሙኒራም አለፈች፣
ዜሮዋን በሁለት ጥቅስ መሃል አቅፋ።

ዘይነባ አነበበችው፤ ሁለቴ።
መነጽሯን ወደ ግንባሯ መልሳ
«ሚዛኑስ መቼ ይጠገናል?» አለችኝ።

እሱ ገና አልተባለም።